ሦስት እርምጃ ላይ የነበረው ቆርቆሮ

ሐምሌ ነው። ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ። ዝናቡ ከሰዓቱን ሙሉ ሲያወርደው ውሎ አመሻሽ ላይ ጋብ ብሏል። መብራት ጠፍቷል። አንዲት የ52 ዓመት እናት 20 እንጀራ በላስቲክ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ለአንድ ምግብ ቤት ነው የሚያደርሱት። ጠዋት 40 አድርሰዋል፣ ይሄ የማታው ነው። መንገዱን ያውቁታል። 11 ዓመት ተመላልሰውበታል።

አንድ ሱቅ ደጃፍ ሲደርሱ መሬቱ ከዳቸው። ጠዋት ያልነበረ ቦይ የእግረኛውን መንገድ አቋርጦ ተቆፍሯል። ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አያንስም። ሲወድቁ በቀኝ እጃቸው ተደገፉ። አንጓው ተሰበረ።

ጉዳዩን የማውቀው ክሱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስም አልጠቅስም። ተጎጂዋን እትዬ፣ ባለሱቁን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚያ ነው።

እትዬ ቢሮዬ የመጡት ከወደቁ አንድ ዓመት ከአሥር ወር በኋላ ነበር። ቀኑን ስሰማ ደነገጥኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2143 እንዲህ ዓይነት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ሁለት ወር ብቻ ቀርቷቸው ነበር። «ምን ሲያደርጉ ቆዩ?» አልኳቸው። «ሽማግሌ ተቀምጦልን ነበር» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ሦስት ጊዜ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ነበሩ፤ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ን አንስተው ተናገሩ። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ይክፈል የሚለውን። «ለበሬ እንዲህ ካለ ለሰውማ» አሉ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ «የእግዜር ነገር ነው፣ እኔ ምን ላድርግ? ለበዓል በግ አልነፍጋትም» ብለው ተነሱ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ። ፍልሰታ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ።

ሽምግልናን አልነቅፍም። ብዙ ነገር ፍርድ ቤት ሳይደርስ እዚያው ያልቃል፣ ያለቀውም ጥሩ ነው። ግን ሽማግሌ መቀመጡ ብቻውን ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ አያቆመውም። ይህን ሳያውቅ መብቱን ያጣ ስንት ሰው አይቻለሁ። ያንን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደ ሕጉ ልግባ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ማንም ከማንም ጋር ሳይዋዋል ሌላው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ምን ይሆናል የሚለውን ከቁጥር 2027 ጀምሮ ይዘረዝራል። ከውል ውጭ የሚመጣ ኃላፊነት የሚባለው ይሄ ነው። ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ራስህ አጥፍተህ ጉዳት ስታደርስ ነው። ሁለተኛው ምንም ጥፋት ሳይኖርብህ በያዝከው ነገር ወይም በምትሠራው ሥራ የተነሳ ሕጉ ተጠያቂ ሲያደርግህ ነው። ሦስተኛው በኃላፊነትህ ሥር ያለ ሰው ሲያጠፋ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ የጋሼ ሱቅ ግድግዳ ተንዶ እትዬ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ በጣም ይቀል ነበር። በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ፣ ይጠየቃል። ጥንቃቄ አድርጌ ነበር ማለት አያድነውም። የመኪና ባለቤትም፣ የከብት ባለቤትም በተመሳሳይ መንገድ ይጠየቃሉ። ቦይ ግን ሕንፃ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቁጥር 2069 ሂድበት ብሎኝ ነበር፤ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለተለየ አደጋ ማጋለጥን የሚመለከተው ነው። አሰብኩበት። አንድ ሜትር የማይሞላ ቦይ ለዚያ አይበቃም ብዬ ተውኩት። የቀረኝ የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ጋሼ አጥፍተዋል ብሎ ማስረዳት።

ትልቁ ችግር እዚህ ላይ መጣ። ችግሩ የሕግ ሳይሆን የሰፈር ነበር። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርላቸዋል። እትዬ የወደቁ ለት ባጃጅ ጠርተው የላኳቸው እሳቸው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዘው ጠይቀዋቸዋል። ሰው ሁሉ «እሳቸውን ያህል ሰው እንዴት ይከሰሳል?» ይላል። እትዬም ራሳቸው ቢሮዬ ቁጭ ብለው «ክፉ ሰው አይደለም እኮ» ይሉኛል።

እኔም የምመልሰው አንድ ነው። ቸልተኝነት ክፋት አይደለም። ቁጥር 2029 ጥፋት ሆን ተብሎ ሊፈጸም ይችላል፣ በቸልተኝነትም ሊፈጸም ይችላል ይላል። በማድረግም ይሁን ባለማድረግ። ፍርድ ቤት የሰውየውን ልብ አይመዝንም። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ በእሱ ቦታ ሌላ አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? ይህ በቁጥር 2030 ያለው ሚዛን ነው። መልአክ ምን ያደርግ ነበር አላለም። መሐንዲስ ምን ያደርግ ነበር አላለም። ተራ፣ ልብ የሚል ሰው።

እና ያ ተራ ሰው ምን ያደርጋል? መልሱን ለማግኘት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አንድ ቀን መጓዝ ይበቃል። መኪና የተበላሸበት ሹፌር ከሁሉ በፊት ቅጠል ቆርጦ አስፋልቱ ላይ ያነጥፋል፣ ድንጋይ ይደረድራል። ማንም አላስተማረውም። ከኋላ የሚመጣው ሰው እንዳይጎዳ ነው። ይህን ልማድ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። ስለዚህ ክሱ ላይ ጋሼ ሊያደርጉት ይችሉ የነበረውን ስጽፍ ከሩቅ አገር ያመጣሁት ነገር አልነበረም፤ ድንጋይ፣ ቅጠል፣ እንጨት ላይ የታሰረ ጨርቅ፣ ጣውላ።

የማስረዳት ሸክሙ የእኛ ነው። የሚከስ ሰው ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፤ ጥፋት እንዳለ፣ ጉዳት እንደደረሰ፣ ጉዳቱም ከዚያ ጥፋት እንደመጣ። አንዱ ከጎደለ ክሱ ይወድቃል።

የጋሼ ጠበቃ የመከላከያ መልሱን አሳምሮ ነበር የጻፈው። ቦዩን የቆፈሩት የቀን ሠራተኞች እንጂ ደንበኛዬ አይደሉም አለ። መብራት ያጠፋው ደንበኛዬ አይደለም አለ። ፖሊስ ጉዳዩን አይቶ ክስ አልተመሠረተም አለ። ከሳሿ የእጅ ስልካቸውን ማብራት ይችሉ ነበር አለ። ደግሞም ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት ወጌሻ ጋ ሄደዋል፣ እጁን ያበላሸው ወጌሻው ነው አለ።

የፖሊሱን ነገር ፍርድ ቤቱ ቶሎ አለፈው። ቁጥር 2149 አንድ ሰው በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ ያ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስረውም ይላል። እዚህ ደግሞ ነፃ የተባለ ሰውም የለም፤ ጭራሽ አልተከሰሱም።

የሠራተኞቹ ክርክር ክብደት ነበረው። ሕጉ በቁጥር 2130 አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል። በቁጥር 2134 ደግሞ በራሱ ነፃነት ለሚሠራ፣ በአንተ ትእዛዝ ሥር ላልሆነ ሰው ጥፋት አትጠየቅም ይላል። ሥራውን በቁርጥ ለኮንትራክተር ሰጥተው ቢሆን ክርክሩ ያስቸግረኝ ነበር። ግን ከቆፋሪዎቹ አንዱ ቀርቦ መሰከረ። ልጅ ነው፣ ሃያ የሞላው አይመስልም። «ጋሼ በእግራቸው መስመር አሰመሩልን። በዚህ በኩል ቆፍሩ አሉን። አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲበረታ ነገ ትጨርሳላችሁ ብለው ሂሳባችንን ሰጡን። ዶማና አካፋውን ሱቅ ውስጥ አስገባን።» ዶማውና አካፋው የጋሼ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ኮንትራክተር ያነሳ የለም።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ።

እትዬን የወሰደው ባለባጃጅ በማግሥቱ ጠዋት በዚያ ሲያልፍ ቦዩን በስልኩ አንስቶት ነበር። ለምን እንዳነሳው ስጠይቀው «እንዲሁ አሳዘኑኝ» አለኝ። ፎቶው ጥራት የለውም። ሆኖም ቦዩ ይታያል፣ በጭቃው ላይ የተረገጠ የአንድ እንጀራ ቁራጭ ይታያል፣ ከበስተኋላ የሱቁ ግድግዳ ይታያል። ግድግዳው ላይ አንድ የቆርቆሮ ክዳን ተደግፏል። እኔ ፎቶውን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ቆርቆሮውን ልብ አላልኩትም። ያዩት ዳኛዋ ናቸው።

«ይህ ቆርቆሮ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው» አሉ ጋሼ።

«የዚያን ቀን ማታም እዚህ ነበር?»

«ነበር። ከጣሪያ ጥገና የተረፈ ነው።»

«ከቦዩ በስንት እርምጃ ይርቃል?»

ጋሼ ፎቶውን ተቀብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «ሦስት» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ሦስት ቢሆን ነው» አሉ።

ችሎቱ ውስጥ ዝም ተባለ። እኔ ካዘጋጀሁት የመስቀለኛ ጥያቄ ግማሹን ሰረዝኩት።

ፍርዱ ሲነበብ ዳኛዋ ስለ መብራቱም የተናገሩት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። መብራት መጥፋቱ የተከሳሽ ጥፋት አይደለም። ግን በሐምሌ መብራት እንደሚጠፋ፣ ዝናብ እንደሚዘንብ፣ በዚያ መንገድ ሰው እንደሚያልፍ ማንም የከተማዋ ነዋሪ ያውቃል። የሚታወቅ ነገር ድንገተኛ ነው አይባልም። ቆፋሪዎቹን አሰናብተው ሱቁን ቆልፈው ሲወጡ ቦዩን ተሻግረው ነው የሄዱት። ሦስት እርምጃ ሄደው ቆርቆሮውን ቢጎትቱበት ኖሮ ምንም ወጪ አልነበረውም። አለማድረግም ጥፋት ነው የሚለው ሐረግ ለብዙ ሰው የሚከብደው እንዲህ ካልታየ ነው።

ይህን ስሰማ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እዚሁ ከተማችን፣ ፋሲለደስ መዋኛ ላይ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ አሥር ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰውም ቆስሏል። የዚያን ጉዳይ እዚህ አልፈርድበትም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የተረበረበ እንጨት ባየሁ ቁጥር «ማን ፈተሸው?» ማለት አልተውኩም። «የእግዜር ነገር ነው» የሚለው ቃል ከአፋችን ቶሎ ይወጣል። እግዜርን ከመጥራታችን በፊት ያንን ጥያቄ ብንጠይቅ እወዳለሁ።

የወጌሻው ነገር ሳያሳስበኝ አልቀረም። እትዬ በእርግጥም ዘጠኝ ቀን በወጌሻ ታሽተዋል። በእኛ አገር አጥንቱ የተሰበረ ሰው መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ቢሄድ የሚገርም አይደለም። ግን የጉዳቱ ከፊል ከሌላ ነገር የመጣ ከሆነ ያ ከፊል ጋሼ ላይ አይጫንም፤ የምክንያትና ውጤት ጉዳይ ነው። የአጥንት ሐኪሙ ቀርቦ ራጁን እያሳየ አስረዳ። ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ ስለሆነ ወዲያው ቢታከሙም አንጓው እንደ ድሮው አይታጠፍም ነበር አለ። በዚህ ነጥብ ምንም አልተቀነሰባቸውም።

የተቀነሰባቸው በሌላ ነው፣ የመጣውም ከራሳችን ምስክር ነው። ከሱቁ ከፍ ብላ ጉሊት የምትቸረችር ሴት ቦዩ እንዳልተከደነ እንድትመሰክር ጠርቻት ነበር። በደንብ መሰከረች። የጋሼ ጠበቃ ተነስቶ «ከሳሽ በአጠገብሽ ሲያልፉ ምን አልሻቸው?» ሲላት ግን እውነቱን ተናገረች። «ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር። እትዬ፣ ታች ቆፍረዋል መሰለኝ ይጠንቀቁ ብያቸዋለሁ።» እትዬ ይህን ነግረውኝ አያውቁም። ዞሬ አየኋቸው። «ብላኛለች» አሉ በሹክሹክታ። «እንጀራው እንዳይበርድ ብዬ ቸኩዬ ነው።»

ተጎጂውም ራሱ ካልተጠነቀቀ ካሣው በዚያው ልክ ይቀነሳል። ፍርድ ቤቱ አንድ አራተኛውን ቀነሰ። እኔ ይበዛል ባይ ነኝ። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው፣ የት ጋ እንደተቆፈረ በትክክል ያልተነገረው ሰው፣ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይችላል? አንድ አሥረኛ ቢሆን ባልከፋኝ። ሴትዮዋ ግን እውነቱን በመናገሯ አልከፋኝም። የመጣችው ለዚያ ነው።

ካሣው ራሱ እንዴት ተሰላ? መርሁ በቁጥር 2091 ያለው ነው፤ ካሣ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን። አይብለጥ፣ አይነስ። የሕክምናውና የመጓጓዣው ደረሰኝ 8,400 ብር ሆነ። ቀጥሎ የቀረው ገቢ ነው። እትዬ የንግድ ፈቃድ የላቸውም፣ የሂሳብ መዝገብ የላቸውም። ያለው የምግብ ቤቱ ደብተር ነው። ዘይት የጠጣ፣ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር። ገጽ በገጽ «እንጀራ 40፣ እንጀራ 20» ይላል፣ ከጎኑ የተከፈለው። ከወደቁበት ቀን ጀምሮ መስመሩ ባዶ ነው። ለአምስት ወር። ጤፉ፣ ማገዶው ተቀንሶ በወር 3,120 ብር ትርፍ ያገኙ እንደነበር ተሰላ፤ የአምስቱ ወር 15,600 ብር። ማንም ሰው ከእለት ሽያጩ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ቢያስቀምጥ መልካም ነው፤ ያ ደብተር ባይኖር ከሦስት ምስክር በላይ ያስፈልገኝ ነበር።

ለወደፊቱስ? ዳኛዋ አንጓ ከእንጀራ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንዲገባቸው ፈልገው ጠየቁ። እትዬ ተነሱና በባዶ እጃቸው አሳዩ። ሊጡ ከምጣዱ ዳር ይጀመራል፣ እየዞረ ወደ መሀል ይገባል። እጅ ሳይቆም፣ አንጓ እየዞረ። አንጓው ሲገታ ሊጡ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። «ዓይኑ አይወጣም» አሉ። ቀኝ እጃቸው ግማሽ ዙር ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ አልሄደም። በግራቸው ለመልመድ እየሞከሩ እንደሆነ፣ በቀን ከ35 በላይ እንደማይችሉ ተናገሩ። እንዲህ ያለውን በቁርጥ ማስላት ሲያስቸግር ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በሆነ አስተያየት፣ ይገምት ይላል። 20,000 ብር ተገመተ። ሲደመር 44,000፣ አንድ አራተኛው ሲወጣ 33,000 ብር።

የሕሊና ጉዳት ካሣው ደግሞ 1,000 ብር ነው። ዳኛዋ ከዚያ በላይ መስጠት አይችሉም። ቁጥር 2116 ጣሪያውን እዚያ ላይ ቆርጦታል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለፋሲካ አንድ ደህና ዶሮ አይገዛም። እትዬ ያን ክረምት ሌሊት ሌሊት እጃቸውን ታቅፈው ያደሩበት፣ ልጃቸው ፀጉራቸውን የሠራችላቸው፣ ነጠላቸውን መልበስ ያቃታቸው ሁሉ 1,000 ብር ነው። ይህ ቁጥር መለወጥ አለበት። ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያለው ሰው ይህን ቢያነብ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጋሼ ይግባኝ አላሉም። እኛም ስለ አንድ አራተኛው ይግባኝ ማለት እንችል ነበር፤ ለእትዬ አስረዳኋቸው። «ተወው» አሉኝ። «ሰፈር ነን። እሱ ደግሞ ሦስት ነው ብሎ በአፉ ተናግሯል።» ጋሼ ገንዘቡን በአራት ጊዜ ከፈሉ። የመጨረሻውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፣ እትዬ ቤት። ቡና ተፈልቶ ነበር። ደረሰኙን እትዬ እዚያው በቀኝ እጃቸው ፈረሙ፤ ፊርማቸው ተንቀጥቅጧል።